ኦሄንሮሳን፦ አምስት ቀን በሺኮኩ መንገድ

አንደኛ ቀን

ከቶኩሺማ የተሳፈርኩበት ባቡር ትንሽ ነው። ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ወርደው አለቁና ፉርጎው ውስጥ እኔና አንዲት አሮጊት ብቻ ቀረን። ሴትዮዋ ቦርሳዬን አዩ፤ ጫማዬን አዩ። ከዚያ ፈገግ ብለው «ኦሄንሮሳን?» አሉኝ። ተሳላሚ ነሽ ወይ ማለታቸው ነው። ነጩን ልብስ እንኳ ገና አልገዛሁም። ግን አዎ አልኳቸው።

ሺኮኩ ከጃፓን አራት ዋና ዋና ደሴቶች ትንሿ ናት። በዙሪያዋ 88 የቡድሃ ቤተ መቅደሶች አሉ። ተሳላሚው እነሱን በየተራ እየተሳለመ ደሴቷን ይዞራል። መንገዱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግር ከአርባ ቀን በላይ ይፈጃል። ሁሉም ነገር የሚያያዘው ኮቦ ዳይሺ ከሚባሉት መነኩሴ ጋር ነው። በ774 እዚሁ ደሴት ላይ ተወለዱ፤ በ804 ለትምህርት ወደ ቻይና ተሻገሩ፤ ተመልሰው ሺንጎን የሚባለውን የቡድሃ እምነት ዘርፍ በጃፓን መሠረቱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኔ ያለኝ አምስት ቀን ነው። ከ1ኛው እስከ 12ኛው ልሂድ ብዬ በኖቬምበር አጋማሽ መጣሁ። ሐሳቤ ቤተ መቅደስ ማየት ነበር። አሁን የማስታወሻ ደብተሬን ስገልጠው የተሞላው በሰው ነው።

ባንዶ ጣቢያ አብረን ወረድን። የሴትዮዋ ቤት በሌላው በኩል ነው። ቢሆንም እኔን ሊሸኙ ወደ ቤተ መቅደሱ ዞሩ። የኔ ጃፓንኛ ከሰላምታ አያልፍም። ስልኬ እያስተረጎመን፣ ሲያቅተው ደግሞ በእጃችን እየተግባባን ሄድን።

መንገድ ላይ ቆም አሉና ወደ ሰሜን ጠቆሙኝ። «ዶይትሱሳን» አሉ። ጀርመኖቹ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቻይና ውስጥ ቺንግታኦ ላይ የተማረኩ 1,000 ያህል ጀርመኖች ከ1917 እስከ 1920 እዚህ ባንዶ ካምፕ ውስጥ ነበሩ። አዛዡ በክብር ስለያዟቸው ከመንደሩ ሰው ጋር ተላመዱ። ዳቦ አጋገር አስተማሩ። የድንጋይ ድልድይ ሠሩ፤ ድልድዩ ዛሬም ቆሟል። ጁን 1 ቀን 1918 ደግሞ የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ተጫወቱ። በጃፓን ምድር ሙሉው ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነው። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያነበብኩት። ከሴትዮዋ የሰማሁት ሌላ ነው። አያታቸው ልጅ ሳሉ አንድ ጀርመን ዳቦ ቆርሶ ሰጥቷቸው ነበር። ጣዕሙን አልወደዱትም። ግን እስኪሞቱ ድረስ ያንን ዳቦ ያወሩ ነበር።

በሩ ላይ ስንደርስ ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። እኔም እንደሳቸው አደረግሁ። ቀና ስል ተመልሰው መሄድ ጀምረዋል።

የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ ርዮዘንጂ ይባላል። የተሳላሚ ዕቃ እዚያ ይሸጣል፤ ነጭ ሰደርያ፣ የሣር ባርኔጣ፣ ምርኩዝ፣ በየቤተ መቅደሱ ማኅተም የሚመታበት ደብተር፣ ስም የሚጻፍባቸው ጠባብ ነጭ ወረቀቶች። ሻጯ የባርኔጣዬን ገመድ አገጬ ሥር እንደ ልጅ አሰረችልኝ። ከዚያ ደንቡን ነገረችኝ። ምርኩዙ እንጨት ብቻ አይደለም፤ ዳይሺ ራሳቸው ናቸው። ባርኔጣው ላይ የተጻፈውም «ዶግዮ ኒኒን» ነው፤ ሁለት ሆኖ መጓዝ። ማታ ማረፊያ ስትደርሺ ከራስሽ እግር በፊት የምርኩዙን እግር እጠቢ አለችኝ። ድልድይ ላይ በምርኩዝሽ አታንኳኪ፤ ዳይሺ ከሥሩ ተኝተው ይሆናል። ሦስተኛው ደንብ፦ ኦሴታይ ሲሰጡሽ እምቢ አትበይ።

ኦሴታይ የአገሬው ሰው ለተሳላሚ የሚሰጠው ነገር ነው። ፍራፍሬ ይሆናል፣ ሻይ ይሆናል፣ ሳንቲምም ይሆናል። ሰጪው በአንቺ በኩል ለዳይሺ ነው የሚሰጠው። መሄድ ያልቻለ ሰው ስጦታው ይሄድለታል። አንቺ ደግሞ ስምሽን የጻፍሽበትን ነጭ ወረቀት ትሰጫለሽ። ኦሳሜፉዳ ይሉታል። ይኸው ነው ልውውጡ።

እኔም ገባኝ ብዬ ወጣሁ። ወደ ሦስተኛው ቤተ መቅደስ ስሄድ አንዲት ትንሽ ነጭ የጭነት መኪና አጠገቤ ቆመች። አንድ የሃምሳ ዓመት ሰው ይሆናል፣ በመስኮቱ በኩል አንድ ከረጢት መንደሪን ዘረጋልኝ። እጄ ሳላዘው ወደ ቦርሳዬ ሄደ። «ስንት ነው?» አልኩት። 1,000 የን አውጥቼ ያዝኩ። የሰውየው ፊት ወዲያው ተለወጠ። መቆጣት አይደለም፤ ማፈር ነው። እጁን አወዛወዘ፣ ወረደ፣ ከረጢቱን መንገዱ ዳር ካለው ግንብ ላይ አስቀመጠ፣ ጎንበስ ብሎልኝ ሄደ። ወረቀቴን አልሰጠሁትም። ስሙንም አልጠየቅሁ። ገንዘቡን እንደያዝኩ ብዙ ቆምኩ። ደንቡን ከሰማሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም።

ማታ ያደርኩት በ6ኛው ቤተ መቅደስ፣ በአንራኩጂ ነው። የፍል ውሃ መታጠቢያ አለው። የምርኩዜን እግር አጠብኩ። መንደሪኑ ጣፋጭ ነው። ግን አልወርድልሽ አለኝ። ሰውየው ፊቴ ላይ ይመጣል።

ሁለተኛ ቀን

ጠዋት ከማረፊያው ብዙም ሳልርቅ አንድ መጋዘን በሩ ተከፍቶ አየሁ። እንፋሎት ይወጣል። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ እንደ አሞኒያ ነው። ውስጥ ሦስት ሰዎች አንድ ትልቅ የቅጠል ክምር በአካፋ ይገለብጣሉ።

ይህ አገር የኢንዲጎ አገር ነው። የዮሺኖ ወንዝ ድሮ እየሞላ ማሳውን ያጥለቀልቀው ነበር። ሩዝ አያዋጣም። ኢንዲጎ ግን ጎርፉ ሳይመጣ ይታጨዳል፤ ጎርፉ ትቶት የሚሄደውንም አዲስ አፈር ይወዳል። ስለዚህ ገበሬው ኢንዲጎ ተከለ፤ የአካባቢው ሰማያዊ ቀለም በመላው ጃፓን ተፈላጊ ሆነ። የደረቀው ቅጠል ውሃ እየጠጣና እየተገላበጠ 100 ቀን ያህል ይብላላል። ሲያልቅ ጥቁር አፈር ይመስላል። ሱኩሞ ይባላል። ዛሬ ይህን ሙያ የያዙት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው።

ትልቁ ሰውዬ አካፋቸውን አስደግፈው ወጡ። ጥፍራቸው እስከ ሥሩ ሰማያዊ ነው። እጄን ያዙና ክምሩ ላይ አስቀመጡት። ይፋጃል! የሚነድ እሳት የለም፤ ቅጠሉ ራሱ ነው የሚግለው። ደረታቸውን መታ መታ አድርገው አንድ ቃል አሉ። ስልኬ «ሕያው ነው» ብሎ ተረጎመው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው አንዲት ጣት የምታህል ሰማያዊ ጨርቅ ይዘው መጡና ምርኩዜ አናት ላይ አሰሩልኝ።

አሁን እጄ ወደ ገንዘብ ቦርሳዬ አልሄደም። ወረቀቴን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ስሜን በፊደላችን ነበር የጻፍኩት። ወደ ብርሃኑ አውጥተው እያንዳንዷን ፊደል በጣታቸው ተከተሏት። ሦስቱም ተሰብስበው አዩዋት። የብሩሽ አጻጻፍ ለሚያውቅ ሰው ፊደል ሥዕልም ነው መሰለኝ።

7ኛውን፣ 8ኛውንና 9ኛውን በቀኑ አጋማሽ ጨረስኩ። ስለነሱ ብዙ አልጽፍም። 10ኛው ኪሪሃታጂ 333 ደረጃ አለው። ከግማሹ በላይ ወጥቼ ትንፋሼ ሲቆረጥ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ደረሱብኝ። በየቀኑ እንደሚወጡት ነገሩኝ። ከየት ነሽ አሉ። ኢትዮጵያ ስላቸው ደረጃው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አበበ!»

በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። ጎረቤት ቤት ተሰብስበው በቴሌቪዥን አይተውታል። አበበ ከሁለተኛው በ4 ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ እንዴት እንደነበር ደረጃው ላይ እግራቸውን እያነሱ አሳዩኝ። በኩራት ሳቅሁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ፁቡራያ» አሉ። ጃፓናዊው ኮኪቺ ፁቡራያ ስታዲየሙ ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ ገባ። ሕዝቡ ሁሉ እያየው፣ መጨረሻው ዙር ላይ እንግሊዛዊው ሂትሊ አለፈው። ሦስተኛ ወጣ። በ1968 መጀመሪያ ራሱን አጠፋ። ሽማግሌው ስለ አበበ ሊያጫውቱኝ ጀምረው ዓይናቸው እንባ ያቀረረው ለፁቡራያ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላም አልወጣላቸውም። ዝም ብለን ጎን ለጎን ወጣን።

ላይ ስንደርስ የቦታውን ታሪክ ነገሩኝ። የኪሪሃታ ትርጉም ጨርቅ መቁረጥ ነው። ኮቦ ዳይሺ ልብሳቸው ተቀዶ አንዲት ሸማኔ ልጅ ቁራጭ ጨርቅ ለመኗት። እሷም ቁራጭ አልፈለገችም። መሥሪያዋ ላይ የነበረውን አዲሱን ጨርቅ ምንም ሳታመነታ ቆርጣ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ምርኩዜ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ጨርቅ አዩ። ማን እንደሰጠኝ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲለዩኝ ከኪሳቸው የእጅ ማሞቂያ ከረጢት አውጥተው ሰጡኝ። ከራሳቸው ኪስ ስለወጣ ገና ሲይዙት ሞቋል።

ሦስተኛ ቀን

አጭር ቀን። ከ10ኛው ወደ 11ኛው ዮሺኖን ተሻግሬ ሄድኩ። ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ መደገፊያ የላቸውም። ወንዙ ሲሞላ ውሃው በላያቸው እንዲያልፍና እንዳይሰብራቸው ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠሩት። ምርኩዜን አንስቼ በብብቴ ያዝኩ።

ከወዲያ ማዶ አንዲት ተማሪ በብስክሌት መጣች። መንገዱ ጠባብ ነው። ወረደች፣ ብስክሌቷን ወደ ዳር አስጠግታ እስካልፍ ጠበቀችኝ። ምርኩዙን እንደማላንኳኳ አይታ ፈገግ አለች። አለፍኳት። ትንሽ ሄጄ «ኦሄንሮሳን!» የሚል ጩኸት ከኋላዬ ሰማሁ። ሮጣ መጣች። የተጋመሰ የከረሜላ ጥቅል ነው። ግማሹን በልታለች። የቀረውን ሰጠችኝ። ወረቀቴን ስሰጣት ግራ ገባት፤ ከዚያ በደብተሯ ውስጥ በጥንቃቄ አስገባችው።

ማታ ካሞጂማ አንዲት ትንሽ ማረፊያ አደርኩ። የቤቱ እመቤት ምርኩዜን ከእጄ ተቀብለው እግሩን ራሳቸው አጠቡልኝ። ለነገ የሩዝ ድቡልቡል ጠቅልለው ሰጡኝ። ሒሳብ ውስጥ አላስገቡትም። አልጠየቅኳቸውም። መቀበል እየለመድኩ ነው።

አራተኛ ቀን

ከ11ኛው ፉጂይደራ ወደ 12ኛው ሾሳንጂ ያለው ተራራ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሽቅብ ወጥቶ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ። ስሙን «ሄንሮ ኮሮጋሺ» ይሉታል፤ ተሳላሚ የሚያንከባልል። ጠዋት 1 ሰዓት ተነሣሁ።

እስከ ቀትር ደህና ነበርኩ። ጫካው በሱጊ ዛፍ ተሞልቷል፤ ቀጥ ያሉ፣ ረጃጅም፣ ጨለማ። ጆረን አን ከሚባለው ቦታ አንድ ግዙፍ ሱጊ አለ። ከፊቱ የዳይሺ ትልቅ ሐውልት ቆሟል። ደረጃውን ስወጣ ሐውልቱ ከዛፉ ሥር ብቅ ብሎ ታየኝና ክው አልኩ። ተራራ ላይ ብቻዬን ስውል ሰው ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ሲወረድ ነው ያንሸራተተኝ። እርጥብ ቅጠል ላይ ነው። ጉልበቴ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ተነሥቼ ሁለት እርምጃ ስሄድ አቃተኝ። ቁጭ አልኩ። ስልኬ ኔትዎርክ የለውም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ የማጭድ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሰውዬ ናቸው፤ የጎማ ቦቲ አድርገዋል፣ ጓንት ለብሰዋል። መንገዱን ሊጠርጉ የመጡ የአካባቢው ሰው። ማንም አይከፍላቸውም። ሣር ያጭዳሉ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ያነሣሉ፣ የተሳላሚ ምልክት ወድቆ ከሆነ መልሰው ይሰቅላሉ። አባታቸውም ይህንኑ ያደርጉ ነበር። እሳቸው ራሳቸው 88ቱን ዞረው አያውቁም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ አንድም ቃል አልተናገሩም። ጉልበቴን አዩ፣ ከአንገታቸው ፎጣ ፈትተው አሰሩልኝ፣ የጀርባ ቦርሳዬን ደረታቸው ላይ አጠለቁት።

መኪናቸው ያለው ከወዲያኛው በኩል ነው። ከኔ ጋር ሲመጡ ከመኪናቸው እየራቁ ነው። ይህን በካርታው ላይ አይቼ «ይበቃል፣ ይመለሱ» ልላቸው ሞከርኩ። አልሰሙኝም፤ ወይም አልሰማሁም አሉ። እኔ አሥር እርምጃ ስሄድ እሳቸው አሥር እርምጃ። እኔ ስቆም ይቆማሉ። መጨረሻው ሽቅብ ላይ አለቀስኩ፤ ከሕመሙ ይልቅ ከዚህ የተነሣ። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ በኔ ፍጥነት ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

ሾሳንጂ የደረስነው ከቀኑ 10 ሰዓት ሲያልፍ ነው። ከፍታው 700 ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱ ይቆነድዳል። የማኅተሙ ክፍል በ11 ሰዓት ይዘጋል። 500 የን ከፍዬ አስመታሁ። ለሸኙኝ ሰውዬ ወረቀቴን ሰጠኋቸው። ሁለተኛ ወረቀት አውጥቼ ለአባትዎ አልኳቸው። ስልኬ ያንን እንዴት እንደተረጎመው እንጃ። ሰውየው ፊታቸውን ዞር አድርገው ብዙ ቆዩ።

ቁልቁለቱን የቤተ መቅደሱ ሠራተኛ በመኪና አወረደኝ። ጆሺን አን ከምትባል ትንሽ ቦታ ስንደርስ እንዲያቆምልኝ ለመንኩት። አንድ ሽማግሌ ተንበርክኮ ዳይሺ ከፊቱ የቆሙበት ሐውልት አለ። ተንበርካኪው ኤሞን ሳቡሮ ነው። ሀብታም ነበር፤ ደጁ የመጣውን ለማኝ መነኩሴ ደጋግሞ አባረረ። መጨረሻ ላይ የምጽዋት ሳህኑን መትቶ ከስምንት ሰበረው። ስምንት ልጆቹ ተከታትለው ሞቱ። ለማኙ ዳይሺ መሆናቸው ሲገባው ይቅርታ ሊጠይቅ ተነሣ። 20 ጊዜ ደሴቷን ዞሮ አላገኛቸውም። በ21ኛው አቅጣጫ ቀይሮ ወደ ኋላ ዞረ። እዚህች ቦታ ታሞ ሲወድቅ መጡለት ይባላል።

ከመጀመሪያው ቀን መንደሪን አንድ ቀርቶኝ ነበር። ባለ ነጩን መኪና ሰውዬ የት አገኘዋለሁ? እኔ አንድ ጊዜም አልዞርኩም። መንደሪኑን ልጬ እዚያው በላሁት።

አምስተኛ ቀን

ጉልበቴ አብጧል። ካሚያማ ወርጄ አውቶቡስ መጠበቅ ብቻ ነው የቀረኝ። ፌርማታው አጠገብ የአንድ አሮጌ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡ እናት ጠሩኝ። ዘጠና ዓመታቸው ነው። ሻይ ቀረበ፣ የደረቀ ካኪ ፍሬ ቀረበ። የታሰረ ጉልበቴን አይተው የራሳቸውን ጉልበት መታ መታ አደረጉ። እኔም አልችልም ማለታቸው ነው።

ወረቀቴን ስሰጣቸው ደስ አላቸው። ተነሥተው፣ ግድግዳውን እየያዙ ወደ ውስጥ ገቡና አንድ ከጭድ የተሠራ ትንሽ ከረጢት ይዘው መጡ። ሙሉው ኦሳሜፉዳ ነው። የአማታቸው ዘመን ወረቀት አለበት። ተሳላሚዎች የሰጧቸውን እየሰበሰቡ ጣሪያ ሥር ይሰቅሉታል፤ ቤት ይጠብቃል ይላሉ። አብዛኛው ነጭ ነው። መሐል ላይ አንድ ወርቃማ ወጣ። ወርቃማ የሚይዘው ከ50 ጊዜ በላይ የዞረ ሰው ነው። እሱንም የኔንም እኩል አዩት። ፊደሌን አገላብጠው ምን ይላል አሉኝ። ስሜን አነበብኩላቸው። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ በሦስተኛው ትክክል አሉት። ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ ከተቱት።

አውቶቡሱ ሊደርስ ሲል በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር እጄ ውስጥ አኖሩ። ሳንቲም ነው። ከዘጠና ዓመት እናት ገንዘብ! ለአንድ አፍታ የመጀመሪያው ቀን ጠባዬ ሊመለስብኝ ነበር። በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ፈትተው አሳዩኝ። ሁለቱ 100 የን ለኔ ሻይ ነው። መሐሉ ቀዳዳ ያለው ባለ 5 የን ግን የኔ አይደለም። በጃፓንኛ 5 የን «ጎ ኤን» ነው፤ ድምፁ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ዕድል ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። በሚቀጥለው ቤተ መቅደስ የምጽዋት ሣጥን ውስጥ ጣይልኝ አሉ። ኦሳካ የሚኖር የልጅ ልጅ አላቸው። ሁለት አዲስ ዓመት አልመጣም።

አሥራ ሁለት ላይ አቆማለሁ ብዬ ነበር። አውቶቡሱ ግን ወደ ቶኩሺማ ሲሄድ በ13ኛው በዳይኒቺጂ ደጅ ያልፋል። ወረድኩ። እያነከስኩ መንገዱን ተሻገርኩ፣ በሩ ላይ እጅ ነሣሁ። ሣጥኑ ጋ ስደርስ ባለ 5 የኗን ጣልኩና የልጁን ስም በጃፓንኛ፣ ሴትዮዋ እንዳሉት አድርጌ ጠራሁ። ቀጣዩ አውቶቡስ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ነበረኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጠራሁት።